የመግዛት አቅም ምንድን ነው? የዱባይ ደመወዝ በብር ሲመነዘር የማይታየው ሒሳብ

ከዱባይ «በወር 9,000 ድርሃም እንከፍላለን» የሚል የቅጥር ደብዳቤ የደረሰው ባለሙያ መጀመሪያ የሚከፍተው የስልኩን ማስሊያ ነው። ድርሃም ከ1997 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በ3.6725 ሒሳብ ከዶላር ጋር የታሰረ ገንዘብ ስለሆነ 9,000ው ወደ 2,450 ዶላር ይመጣል። ዶላሩን ለስሌት እንዲቀል በ150 ብር ብናባዛው 367,500 ብር ይሆናል። የሰማይ ስባሪ የሚያህል ቁጥር ነው። ቁጥሩ አንዴ ለቤተሰብ ከተነገረ ደግሞ ስለ ቤት ኪራይ የሚጠይቅ ሰው ምቀኛ ይመስላል።

የመግዛት አቅም የሚባለው ጽንሰ ሐሳብ የሚያገለግለው እዚህ ላይ ነው። ገንዘብ በሌላ ገንዘብ ስንት ይመነዘራል የሚለውን ትቶ፣ በሚወጣበት ገበያ ስንት ዕቃና አገልግሎት ይገዛል ብሎ ይጠይቃል። ሐሳቡ የቆየ ቢሆንም አሁን የሚታወቅበትን ስም የሰጠው ስዊድናዊው የምጣኔ ሀብት ሊቅ ጉስታቭ ካሰል ነው፤ ዘመኑም የአንደኛው የዓለም ጦርነት ማብቂያ፣ 1918 እ.ኤ.አ. ነበር። አሠራሩ ቀላል ነው። አንድ ዓይነት የአስቤዛ ዘንቢል በሁለት ከተሞች ገበያ ይሞላል፣ የሁለቱ ዋጋ እርስ በርሱ ይካፈላል። የሚገኘው ውጤት በባንክ ሰሌዳ ላይ ከተጻፈው ምንዛሪ ጋር የሚገጥምበት ጊዜ እምብዛም ነው።

ዘ ኢኮኖሚስት መጽሔት ይህንኑ ለማሳየት ከ1986 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የማክዶናልድ ምግብ ቤቶች የሚሸጡትን ቢግ ማክ የተባለ በርገር ዋጋ በየአገሩ ያወዳድራል። ማክዶናልድ ኢትዮጵያ ውስጥ ስለሌለ ለእኛ የሚነግረን ነገር የለም። በእንጀራ እንለካው ቢባልም ችግር አለ፤ እንጀራ አዲስ አበባ ላይ የዕለት ምግብ ሲሆን ዱባይ ላይ ከውጭ የመጣ ሸቀጥ ነው። ሩዝና ዶሮ መልመድ የቻለ ሐበሻና ያለ እንጀራ አልጠገብኩም የሚል ሐበሻ በአንድ ከተማ እየኖሩ፣ በአንድ ደመወዝ፣ የመግዛት አቅማቸው ይለያያል።

ልዩነቱ ከየት ይመጣል? ስልክ፣ ቴሌቪዥን፣ ልብስ በመርከብ ስለሚጓዙ ዋጋቸው ከአገር አገር ያን ያህል አይራራቅም። እንዲያውም ዱባይ ላይ ይረክሳሉ፤ መኪና ደግሞ ከአዲስ አበባው ጋር ለንጽጽርም አይቀርብም። ፀጉር ማስተካከል፣ ልጅ መጠበቅ፣ ቧንቧ መጠገን፣ ከሁሉ በላይ ቤት ግን በመርከብ አይጫኑም። የእነዚህ ዋጋ የሚወሰነው በዚያው ከተማ ባለው የደመወዝና የመሬት ዋጋ ነው። በ1964 እ.ኤ.አ. ባላሳ እና ሳሙኤልሰን የተባሉ ሁለት ምሁራን በየፊናቸው ያስረዱትም ይህንኑ ነው፦ ምርታማነት ከፍ ባለበት አገር የፀጉር አስተካካዩም ደመወዝ አብሮ ይወጣል፣ መቀሱ ግን ያው መቀስ ነው። እንግዲህ ደመወዛችን ዱባይ ላይ ሲያብጥ ኪራያችንም ያብጣል።

አሁን ወደ ቁጥር እንግባ። አዲስ አበባ ውስጥ በወር 90,000 ብር የሚከፈለው ላጤ መሐንዲስ እንውሰድ። በ2017 ዓ.ም. መጨረሻ በተሻሻለው የሥራ ግብር ሕግ እስከ 2,000 ብር ያለው ነፃ ነው፣ ከ14,000 ብር በላይ ያለው 35 በመቶ ይቆረጥበታል። በየእርከኑ ሲሰላ ግብሩ 29,450 ብር፣ 7 በመቶው የጡረታ መዋጮ 6,300 ብር ይሆንና እጁ የሚገባው 54,250 ብር ነው። ለባለ አንድ መኝታ ኮንዶሚኒየም 20,000፣ ለአስቤዛ 15,000፣ ለትራንስፖርት 5,000፣ ለስልክ፣ ለመብራት፣ ለልብስና ለማኅበራዊ ወጪ 8,000 ያወጣል እንበል። 48,000 ብር ሄደ፤ 6,250 ብር ተረፈ።

ይኸው ሰው ዱባይ ሄዶ ያንኑ ኑሮ ይኑር። የወጪ ቁጥሮቹ የእኔ ግምት ናቸው፤ አንባቢ የራሱን ያስገባ። ባለ አንድ መኝታ ቤት በዓመት 54,000 ድርሃም፣ ማለትም በወር 4,500። በመብራትና ውኃ ሒሳብ ላይ ተደምሮ የሚመጣ የመኖሪያ ቤት ክፍያ አለ፤ የዓመት ኪራዩ 5 በመቶ ስለሆነ በወር 225 ነው። መብራት፣ ውኃና ማቀዝቀዣ 425፣ ምግብ 1,300፣ ትራንስፖርት 350፣ ሌላ ሌላው 700። ድምሩ 7,500 ድርሃም። የደመወዝ ግብር ስለሌለ 9,000ው ሙሉ በሙሉ ይገባል፤ 1,500 ድርሃም ይተርፋል።

አዲስ አበባ ላይ በ48,000 ብር የተገዛው ኑሮ ዱባይ ላይ 7,500 ድርሃም ወሰደ። ስናካፍለው ለዚህ ሰው አንድ ድርሃም 6 ብር ከ40 ሳንቲም ያህል ነው የሚሠራለት። ዶላርን በ150 ብር በያዝንበት ስሌት ግን ባንኩ አንዱን ድርሃም ወደ 41 ብር ይመነዝረዋል። በኑሮ ሚዛን 9,000 ድርሃም 57,600 ብር ብቻ ሆነ ማለት ነው፤ አሁን ከሚያገኘው የተጣራ ደመወዝ የሚበልጠው በ3,350 ብር ነው። የአሁኑን ሰባት እጥፍ ገደማ የመሰለው ደመወዝ፣ ጭማሪው ወደ 6 በመቶ ወረደ።

የመግዛት አቅምን የሚያብራሩ ጽሑፎች አብዛኛውን ጊዜ እዚህ ላይ ያቆማሉ፣ አንባቢውም «እንግዲያው መቅረት ነው» ብሎ ይነሳል። ለስደተኛ ሠራተኛ ግን ሒሳቡ ገና ግማሽ ነው። ጽንሰ ሐሳቡ ደመወዝተኛው ገንዘቡን በሠራበት ከተማ ይጨርሳል ብሎ ያስባል። ሐበሻ ደግሞ እንደዚያ አይኖርም። የሚበላውን በዱባይ ዋጋ ይበላል፣ የተረፈውን በባንክ ምንዛሪ ይልካል። ስለዚህ በአንድ ደመወዝ ውስጥ ሁለት ዓይነት ገንዘብ አለ፦ 6 ብር ከ40 የሚያወጣ ድርሃምና 41 ብር የሚያወጣ ድርሃም። የተረፈው 1,500 ድርሃም አገር ቤት ሲደርስ ወደ 61,000 ብር ነው፤ አዲስ አበባ ሳለ ይተርፈው ከነበረው 6,250 ብር አሥር እጥፍ ያህል።

ታዲያ ሰዎች ለምን በደባልነት እንደሚኖሩ ይገባል። ዴራ በተባለው የዱባይ ሰፈር አንድ ቤት ለብዙ ተካፍለው ሲኖሩ ያያቸው ሰው በስስት ይፈርድባቸዋል፤ በእኔ እይታ ግን ሒሳቡን ከማንም በላይ ያወቁት እነሱ ናቸው። ሰውየው ባለ አንድ መኝታውን ትቶ፣ መብራትና ውኃን ጨምሮ በ2,000 ድርሃም የደባል ክፍል ቢይዝ ወጪው 4,350 ይሆናል። የሚተርፈው 4,650 ድርሃም፣ በብር 190,000 ገደማ፤ ከበፊቱ ትራፊ ሠላሳ እጥፍ። ከኑሮው ላይ የቀነሳት እያንዳንዷ ድርሃም ከርካሹ ኪስ ወጥታ ወደ ውዱ ኪስ ትገባለች። ዋጋው ደግሞ በገንዘብ የሚጻፍ አይደለም፦ የወጥ ቤት ተራ መጠበቅ፣ የሌላ ሰው የማንቂያ ደወል፣ በሠላሳ አምስት ዓመት ዕድሜ በር ዘግቶ ብቻን መቀመጥ አለመቻል።

ይኸው ደብዳቤ ባለትዳርና የልጅ አባት እጅ ቢገባስ? በአገሪቱ ደንብ 4,000 ድርሃም፣ ወይም ማደሪያ ለሚሰጠው ሰው 3,000 ድርሃም፣ ቤተሰብ ለማስመጣት በቂ ደመወዝ ነው። ይህ ቁጥር ብዙ ሰው ያሳስታል። የመኖሪያ ፈቃድ ያስገኛል እንጂ አያኖርም። ሰፋ ያለ ቤት 5,500፣ ከላይ ያልነው የቤት ክፍያ 275፣ መብራትና ማቀዝቀዣ 700፣ አስቤዛ 2,600፣ የአንድ ልጅ ትምህርት ቤት 1,500፣ ትራንስፖርት 800፣ ሌላ 1,200 ብንል ድምሩ ከ12,500 ድርሃም ያልፋል። ለውጭ ዜጋ ልጅ ትምህርት ማለት በተግባር የግል ትምህርት ቤት ማለት ነው። ላጤውን ሠላሳ እጥፍ ያስቀመጠው ደመወዝ አባወራውን በየወሩ ባለዕዳ ያደርገዋል። አማራጩ ቤተሰብን አገር ቤት ትቶ መሄድ ነው፤ ያኔ ሒሳቡ ይሰምራል፣ ትዳሩ ግን በቪዲዮ ጥሪ ይያዛል።

ጀርመን የሄደ ሰው ሒሳብ በተቃራኒው ይዞራል። በደብዳቤው ላይ ከተጻፈው ጠቅላላ ደመወዝ፣ መካከለኛ ተከፋይ ለሆነ ላጤ፣ ከሲሶ በላይ ለግብርና ለማኅበራዊ ዋስትና ይቀነሳል፤ ዱባይን አይቶ የሄደ ሰው የመጀመሪያውን የደመወዝ ወረቀት ሲያይ ይደነግጣል። ነገር ግን የመንግሥት ትምህርት ቤት ክፍያ የለውም፣ ገቢ የሌላት ሚስትና ልጆች በአባወራው የሕዝብ ጤና መድን ያለ ተጨማሪ መዋጮ ይካተታሉ፣ በ2025 እ.ኤ.አ. ለአንድ ልጅ በወር 255 ዩሮ ድጎማ ይከፈል ነበር። ላጤውን ክፉኛ የሚቆርጠው ሥርዓት ለአባወራው ይመልሳል። «ዱባይ ይሻላል ወይስ ጀርመን?» የሚል ጥያቄ «ለስንት ሰው?» ካልተባለ መልስ የለውም።

በኢንተርኔት ላይ ያሉት የኑሮ ውድነት ማነጻጸሪያዎች እስከ ምን ይረዳሉ? ነምቤዮ የተባለው ታዋቂ ገጽ ኒው ዮርክን 100 አድርጎ ሌሎች ከተሞችን ይለካል፤ ዋጋውን የሚያስገቡት በአብዛኛው ተጠቃሚዎች ናቸው። ዋናው የኑሮ ውድነት መለኪያው የቤት ኪራይን እንደማይጨምር ብዙ ሰው ልብ አይልም፤ ኪራዩ በሌላ ዓምድ ነው የተቀመጠው። ከደመወዙ ግማሹን ለኪራይ የሚከፍል ሰው ያለ ኪራይ የተሠራ መለኪያ አይቶ ቢወስን ምን ይባላል። ደግሞም የማንም መለኪያ ለዘመድ የሚላከውን አይቆጥርም። ሰውየው አዲስ አበባ ሳለ ለሠርግና ለለቅሶ በመቶዎች ያዋጣ የነበረው፣ አውሮፕላን ከተሳፈረ ጀምሮ ድርሻው በሺዎች ይሆናል፤ የወንድም ልጅ የኮሌጅ ክፍያ፣ የአክስት ሕክምና፣ የሰፈር ልጅ ቪዛ። ይህን በወር ከትራፊው ላይ አንድ አራተኛ ብሎ መመደብ ጨካኝነት አይደለም።

ምንዛሪውም ባለበት አይቆምም። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ተመን በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ ዶላር ከ57 ብር አካባቢ ተነሥቶ በጥቂት ጊዜ ውስጥ ከ100 አለፈ። ዱባይ ላይ የዳቦ ዋጋ በዚህ ምክንያት አይነቃነቅም፤ የሚላከው ድርሃም ግን በብር ሲቆጠር ወደ እጥፍ ተጠጋ። አገር ቤት ያለው ዋጋ እየተከተለ ሲወጣ ከጭማሪው ላይ ይበላል፤ ስለዚህ ቤት ለመሥራት የሚልክ ሰው ትራፊውን በብር ሳይሆን በብረትና በሲሚንቶ ቢቆጥረው ይሻለዋል።

ጉድና ጅራት ከወደ ኋላ ነው እንደሚባለው፣ የዱባይ ደብዳቤ ጉዱ ከታች ባሉት መስመሮች ነው። አንደኛው የመጀመሪያው ወር ነው። የቤት ኪራይ የሚከፈለው ብዙውን ጊዜ በወር ሳይሆን በዓመት ጥቂት ቼኮች ነው። ለ54,000 ድርሃሙ ቤት በአራት ቼክ ቢስማሙ የመጀመሪያው 13,500 ነው፤ በተለመደው ሒሳብ 5 በመቶ ማስያዣ 2,700፣ 5 በመቶ የደላላ 2,700፣ ለመብራትና ውኃ ማስያዣ 2,000። ደመወዝ ሳይነካ 20,900 ድርሃም ያስፈልጋል፤ ከሁለት ወር ደመወዝ በላይ። ብዙዎች ወደ ደባል የሚገቡት መርጠው ሳይሆን ይህን ስለማያሟሉ ነው። ቀጣሪው የኪራይ ቅድሚያ ሰጥቶ ከደመወዝ እንዲቆርጥ ከመፈረም በፊት መጠየቅ ይቻላል፤ ከተፈረመ በኋላ መጠየቅ ልመና ይሆናል።

ሁለተኛው መስመር 9,000ው እንዴት እንደተከፋፈለ ነው። «መሠረታዊ ደመወዝ 4,500፣ የቤት አበል 3,000፣ የትራንስፖርት አበል 1,500» ሊል ይችላል፤ ወር ሲደርስ ልዩነት የለውም። አዲስ አበባ ላይ ከሠራተኛው 7፣ ከአሠሪው 11 በመቶ ለጡረታ ይገባ ነበር፤ ዱባይ ላይ ለውጭ ዜጋ በዚህ ፋንታ ያለው የሥራ ማብቂያ ክፍያ ነው። አንድ ዓመት የሞላው ሠራተኛ ለመጀመሪያዎቹ አምስት ዓመታት በየዓመቱ የ21 ቀን፣ ከዚያ በኋላ የ30 ቀን ደመወዝ ያገኛል፤ የሚሰላው ግን በመሠረታዊው ላይ ብቻ ነው። በ4,500 ሲሰላ የሦስት ዓመት ክፍያ 9,450 ድርሃም ይሆናል። ጠቅላላው 9,000 እንዳለ ሆኖ መሠረታዊው 7,000 ተብሎ ቢጻፍ 14,700 ይሆን ነበር። ድርድር የሚያዋጣው እዚህ መስመር ላይ ነው፤ የወር ወጪውን ስለማይነካ አንዳንድ ቀጣሪ ከጠቅላላው ይልቅ ይህንን ለመለወጥ አያንገራግርም።