የኩባንያዎች የአየር ንብረት ቃል በሳይንስ ልክ ሲመዘን

«በ2050 ልቀታችንን ዜሮ እናደርሳለን» የሚል ቃል አሁን አሁን ከትልልቅ ኩባንያዎች ዓመታዊ ሪፖርት አይጠፋም። ቃሉ ግን ብቻውን ብዙ አይናገርም። ከየትኛው ዓመት ተነስተው ነው የሚቀንሱት? የራሳቸውን ጭስ ብቻ ነው የቆጠሩት ወይስ የሸጡት ዕቃ የሚያወጣውንም? በየዓመቱ ምን ያህል? እነዚህን ጥያቄዎች እየጠየቀ የኩባንያውን ግብ ምድር ልትሸከመው ከምትችለው የልቀት መጠን ጋር የሚያመሳክር አንድ የሙያ ዘርፍ አለ። ዕድሜው ገና ሃያ ዓመት ቢሆነው ነው። ይህ ጽሑፍ ስለዚያ ሥራ እዚህም እዚያም ተበታትኖ የሚገኘውን በአንድ ቦታ ለማሰባሰብ የተዘጋጀ ነው። ዓመቶቹ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ልኩ ከየት መጣ?

ነገሩ የሚጀምረው ከአንድ ቀላል ግኝት ነው። የምድር ሙቀት የሚጨምረው በየዓመቱ ከሚለቀቀው ይልቅ እስከ ዛሬ ተጠራቅሞ ባለው የካርቦን ዳይኦክሳይድ ድምር ልክ ነው። ስለዚህ ሙቀቱ ከኢንዱስትሪ ዘመን በፊት ከነበረው ከ1.5 ዲግሪ በላይ እንዳይጨምር መግታት ከተፈለገ ከዚህ በኋላ ሊለቀቅ የሚችለው መጠን የተወሰነ ነው። ይህ ቀሪ መጠን «የካርቦን በጀት» ይባላል።

የተባበሩት መንግሥታት የሳይንስ አካል የሆነው የአየር ንብረት ለውጥ በይነ መንግሥታት ፓነል በ2021 ባወጣው ሪፖርት፣ ከ2020 መጀመሪያ አንስቶ የቀረው በጀት 500 ቢሊዮን ቶን ያህል እንደሆነ ገምቷል። ይህም ሙቀቱን በ1.5 ዲግሪ የማቆም ዕድሉ ግማሽ በግማሽ እንዲሆን ነው። ዕድሉ ሁለት ሦስተኛ እንዲሆን ከተፈለገ በጀቱ ወደ 400 ቢሊዮን ቶን ይወርዳል። ዓለም በዓመት የምትለቀው ወደ 40 ቢሊዮን ቶን ነው። 400ን ለ40 ማካፈል ካልኩሌተር አያስፈልገውም። በዚሁ አያያዝ ከ2020 አንስቶ አሥር ዓመት ነው።

ከዚያ ቀደም ብሎ፣ በ2018፣ ያው ፓነል ዛሬ ሁሉም የሚጠቅሰውን ቁጥር አስቀምጦ ነበር። የዓለም የካርቦን ዳይኦክሳይድ ልቀት እስከ 2030 ድረስ ከ2010 መጠኑ በ45 በመቶ ገደማ መቀነስ፣ በ2050 አካባቢ ደግሞ የተጣራ ዜሮ ላይ፣ ማለትም የሚለቀቀው ከአየር ከሚወገደው ጋር እኩል የሚሆንበት ላይ፣ መድረስ አለበት።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ ማለት ያስፈልጋል። ሳይንሱ የሚሰጠው የዓለምን ልክ ነው። ለአንድ የብረት ፋብሪካ ወይም ለአንድ የልብስ ኩባንያ ድርሻህ ይህ ነው ብሎ አይቆርጥለትም። በጀቱን ለማን ስንት እንደሚደርስ ማካፈል የፍትሕና የስምምነት ጉዳይ ነው። የዘርፉ ክርክር ሁሉ ዞሮ ዞሮ እዚህ ይመጣል።

ጭሱን መቁጠር

ለመቀነስ መጀመሪያ መቁጠር ያስፈልጋል። ዛሬ በአብዛኛው ዓለም የሚሠራበት የሂሳብ ደንብ «ግሪንሃውስ ጋዝ ፕሮቶኮል» ነው። ወርልድ ሪሶርስስ ኢንስቲትዩት የተባለው የምርምር ድርጅት ወርልድ ቢዝነስ ካውንስል ፎር ሰስቴነብል ዴቨሎፕመንት ከሚባል የኩባንያዎች ማኅበር ጋር አዘጋጅቶት በ2001 ወጣ፤ በ2004 ተሻሻለ። ልቀትን በሦስት ወሰን ይከፍላል። ወሰን 1 ኩባንያው ራሱ የሚያቃጥለው ነው፤ የቦይለሩ፣ የመኪናው፣ የምድጃው ጭስ። ወሰን 2 ከገዛው ኤሌክትሪክና ሙቀት ጀርባ ያለው ልቀት ነው። ወሰን 3 የቀረው ሁሉ ነው፤ ከጥሬ ዕቃ አቅራቢው አንስቶ ደንበኛው ዕቃውን ሲጠቀም እስከሚወጣው ድረስ። ለዚህ ለሦስተኛው ራሱን የቻለ ደንብ የወጣው በ2011 ሲሆን በ15 ምድቦች ተከፍሏል።

ወሰን 3 ለምን ወሳኝ እንደሆነ የመኪና አምራችን በማየት መረዳት ይቻላል። ፋብሪካው ጣሪያው ላይ የፀሐይ ኃይል ማመንጫ ቢዘረጋ ወሰን 1 እና 2 ይቀንሳሉ። ነገር ግን ከመኪናው ጋር የተያያዘው ልቀት በብዛት የሚወጣው ከተሸጠ በኋላ፣ መንገድ ላይ፣ ነዳጅ ሲያቃጥል ነው። የነዳጅ ኩባንያዎችም እንዲሁ ናቸው። ወሰን 3ን የዘለለ ቃል ትልቁን ክምር ትቶ ትንሿን የሚጠርግ ነው።

የመጀመሪያዎቹ ሙከራዎች

በ2008 የብሪታንያው የቴሌኮም ኩባንያ ቢቲ፣ በ2009 ደግሞ የሶፍትዌር ኩባንያው አውቶዴስክ የራሳቸውን ግብ ከአየር ንብረት ሳይንስ ጋር የሚያያይዙ ቀመሮች አወጡ። በ2012 ኖርዌያዊው ምሁር ዮርገን ራንደርስ ኩባንያዎች ከሚፈጥሩት እሴት አንጻር ልቀታቸውን በየዓመቱ 5 በመቶ ይቀንሱ የሚል ሐሳብ አቀረበ።

የሳይንስ ቤዝድ ታርጌትስ ኢኒሼቲቭ

የዘርፉ ዋና ተቋም ይህ ነው፤ ስሙ «በሳይንስ ላይ የተመሠረቱ ግቦች» እንደማለት ነው። በምህጻር ኤስቢቲአይ ይባላል። የፓሪሱ የአየር ንብረት ስምምነት በጸደቀበት በ2015 ሥራ የጀመረ ሲሆን፣ መሥራቾቹ አራት ናቸው። አንደኛው በ2000 ለንደን የተቋቋመውና ኩባንያዎች ልቀታቸውን እንዲገልጹ መጠይቅ የሚልከው ሲዲፒ ነው። ሌሎቹ ኩባንያዎችን የሚያሰባስበው የተባበሩት መንግሥታት ግሎባል ኮምፓክት፣ ወርልድ ሪሶርስስ ኢንስቲትዩት እና የተፈጥሮ ጥበቃ ድርጅቱ ደብሊውደብሊውኤፍ ናቸው። ሥራው በአጭሩ ይህ ነው፦ ኩባንያው ግቡን ያቀርባል፣ ባለሙያዎች ይመረምሩታል፣ መስፈርቱን ካሟላ ይጸድቃል፣ በይፋም ይመዘገባል። በሺዎች የሚቆጠሩ ኩባንያዎች በዚህ በር አልፈዋል። በፈቃደኝነት ላይ ብቻ ለቆመ ሥራ ይህ ቀላል ስኬት አይደለም።

መለኪያው በዋናነት ሁለት መንገድ አለው። የመጀመሪያው ለሁሉም እኩል በመቶኛ መቀነስ ነው። ለ1.5 ዲግሪ የሚመጥን ግብ በወሰን 1 እና 2 ላይ በየዓመቱ ቢያንስ ከመነሻው ዓመት ልቀት 4.2 በመቶ መቀነስ አለበት። በ2020 የ100,000 ቶን ልቀት የነበረውን ኩባንያ እንውሰድ። በየዓመቱ 4,200 ቶን ይቀንሳል። በአሥር ዓመት 42,000 ቶን ይሆናል። ስለዚህ በ2030 ከ58,000 ቶን መብለጥ የለበትም። ሂሳቡ ይኸው ነው፤ ማንም ሰው የኩባንያውን ሪፖርት ይዞ ወረቀት ላይ ሊሠራው ይችላል። የዚህ ዘዴ ትልቁ በጎነትም ይኸው ግልጽነቱ ነው ብል ማጋነን አይሆንም።

ሁለተኛው በዘርፍ የሚሰላው ነው። ብረት፣ ሲሚንቶ፣ አሉሚኒየምና ኤሌክትሪክ ማመንጨት እንደ ቢሮ ሥራ በአንድ ሚዛን አይቀመጡም። ስለዚህ እያንዳንዱ ዘርፍ በአንድ ቶን ምርት ወይም በአንድ ኪሎዋት ሰዓት ምን ያህል መልቀቅ እንደሚችል የራሱ መስመር ይሠራለታል። ኩባንያዎቹ በ2050 ወደዚያ መስመር እንዲጠጉ ይጠበቃል። የመጀመሪያው ስሌት የተመሠረተው የዓለም አቀፉ የኢነርጂ ኤጀንሲ ለ2 ዲግሪ ባዘጋጀው ሁኔታ ላይ ነበር። ይህ መንገድ ፍትሐዊ ነው፤ ጥንቃቄ ግን ይሻል። አንድ ሲሚንቶ አምራች በቶን የሚለቀውን በግማሽ ቀንሶ ምርቱን እጥፍ ቢያደርግ በቶን ሲለካ የተመሰገነ ይሆናል፤ ወደ አየር የሚወጣው ጭስ ግን እንዳለ ነው።

ከፓነሉ የ2018 ሪፖርት በኋላ መስፈርቱ እየጠበቀ ሄደ። በ2019 ለ2 ዲግሪ ብቻ የሚመጥኑ ግቦችን መቀበል ቆመ። በ2021 ደግሞ ለወሰን 1 እና 2 ልኩ 1.5 ዲግሪ እንዲሆን ተወሰነ። በዚያው ዓመት ጥቅምት ላይ የተጣራ ዜሮ መስፈርት ወጣ። ከዚያ በፊት «የተጣራ ዜሮ» ማለት ሁሉም እንደፈለገ የሚተረጉመው ነገር ነበር። መስፈርቱ እስከ 2050 ድረስ አብዛኞቹ ኩባንያዎች ልቀታቸውን በ90 በመቶ ገደማ በራሳቸው መቀነስ እንዳለባቸው ደነገገ። የቀረችውን ጥቂት ብቻ ካርቦንን ከአየር በማስወገድ ማካካስ ይቻላል። ወሰን 3 ከጠቅላላው ልቀት 40 በመቶና ከዚያ በላይ ከሆነም የአጭር ጊዜው ግብ ቢያንስ ሁለት ሦስተኛውን መሸፈን ግድ ሆነ። የመነሻው ዓመት ከ2015 ወደ ኋላ መሄድ አይችልም። ይህ ሕግ ትንሽ ይመስላል፤ ግን ጭሱ ጣሪያ የነካበትን የድሮ ዓመት መርጦ «ይኸው ቀነስኩ» ማለትን ያስቀራል።

ተቋሙ ቃላቸውን ያላከበሩትን በይፋ ለይቷል። በመጋቢት 2024 ማይክሮሶፍትን፣ ዋልማርትንና ዩኒሊቨርን ጨምሮ ከ200 በላይ ኩባንያዎች ያስመዘገቡት ቃል ተነሳባቸው፤ በተሰጣቸው ጊዜ ውስጥ ግብ አቅርበው አላስጸደቁም ነበርና። የነዚህ ሦስቱ የተነሳው የረጅም ጊዜው የዜሮ ቃላቸው እንጂ ቀድሞ የጸደቀው የአጭር ጊዜ ግባቸው አልነበረም። የነዳጅና የጋዝ ኩባንያዎችን ግብ ማጽደቅ ደግሞ ከዚያ በፊት ቆሟል።

በሚያዝያ 2024 ከባድ ነገር ገጠመው። የተቋሙ ቦርድ ለወሰን 3 ልቀት የካርቦን ክሬዲትን (ሌላ ቦታ የተቀነሰን ልቀት ለራስ ለመቁጠር የሚገዛ ወረቀት) ጨምሮ የተለያዩ የምስክር ወረቀቶችን መጠቀም ሊፈቀድ እንደሚችል መግለጫ አወጣ። ሠራተኞቹ ተቃወሙ። ያለ ሳይንሳዊ ምክክር የተወሰነ ነው ብለው መግለጫው እንዲሳብ በጽሑፍ ጠየቁ። ቦርዱ በመስፈርቱ ላይ ገና የተለወጠ ነገር የለም ሲል አብራራ። ሐምሌ ላይ ዋና ሥራ አስፈጻሚው ሉዊዝ አማራል በግል ምክንያት እንደሚለቁ አስታወቁ። በዚያው ወር መጨረሻ ተቋሙ ራሱ የሰበሰበውን ማስረጃ መርምሮ፣ ብዙ ዓይነት የካርቦን ክሬዲቶች የታሰበላቸውን ቅነሳ እንደማያመጡ የሚያሳይ ግምገማ አወጣ። ከውስጥ ሆኖ «ይህ ልክ አይደለም» ማለት ድፍረት ይጠይቃል። ሠራተኞቹ ያን በማድረጋቸው ተቋሙ ተጎድቷል የሚሉ አሉ፤ እኔ ግን ያዳነው ይኸው ነው ባይ ነኝ።

በተቋሙ ላይ የሚነሱ ሌሎች ትችቶችም አሉ። እኩል በመቶኛ መቀነስ ትናንት ብዙ ለለቀቀው ነገም ብዙ ድርሻ ይሰጣል ይባላል፤ ይህ ትችት እውነት አለው። ተቋሙ ግቡን እንጂ የተደረገውን ቅነሳ በየዓመቱ ሄዶ አያረጋግጥም የሚልም አለ። ሁለተኛው የመስፈርቱ ስሪት በ2025 ለውይይት ሲቀርብ ይህን ክፍተት ለመሙላት የታሰቡ ሐሳቦች ተካትተውበታል።

የኤሌክትሪክ ምስክር ወረቀት

ወሰን 2 በሁለት መንገድ ይቆጠራል። አንደኛው ኩባንያው ያለበት አካባቢ መስመር ላይ ያለው ኤሌክትሪክ ከምን እንደመነጨ ያያል። ሁለተኛው ኩባንያው ምን ውል እንደገዛ ያያል። በሁለተኛው ከሄድን፣ ፋብሪካው ከድንጋይ ከሰል የመነጨ ኃይል እየተጠቀመ ሌላ ቦታ ለመነጨ የንፋስ ኃይል የምስክር ወረቀት በመግዛት ብቻ ልቀቱን ዜሮ ብሎ ሊጽፍ ይችላል።

በ2022 ኔቸር ክላይሜት ቼንጅ ላይ የወጣ ጥናት የጸደቀ ወይም የተመዘገበ ሳይንሳዊ ግብ ያላቸውን 115 ኩባንያዎች አየ። ከ2015 እስከ 2019 ባለው ጊዜ የወሰን 2 ልቀታቸው በ31 በመቶ ቀንሷል ተብሎ ተመዝግቧል። የምስክር ወረቀቶቹ ሲወጡ ግን ቅነሳው 10 በመቶ ብቻ ሆነ። አጥኚዎቹ ያደረጉት የኩባንያዎቹን የራሳቸውን ቁጥር እንደገና መደመር ነው። የዚህ ሙያ ክብሩ እዚህ ላይ ይታያል።

ሌሎች መዛኞች

ኒውክላይሜት ኢንስቲትዩትና ካርቦን ማርኬት ዋች በየካቲት 2022 የ25 ግዙፍ ኩባንያዎችን ቃል አንድ በአንድ ፈትሸው አወጡ። የዜሮ ቃሎቹ በጠቅላላው የሚያስገኙት ቅነሳ በአማካይ 40 በመቶ ብቻ ሆኖ ተገኘ። ከሁሉ የተሻለ ነጥብ ያገኘው የመርከብ ኩባንያው ሜርስክ ነበር፤ እሱም ቢሆን ከፍተኛውን ደረጃ አላገኘም።

ትራንዚሽን ፓዝዌይ ኢኒሼቲቭ በ2017 የተቋቋመው በእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን የኢንቨስትመንት አካላትና በአንድ የጡረታ ፈንድ ነው። ኩባንያዎችን የሚመዝንበትን ጥናት የሚሠራለት የለንደን ስኩል ኦፍ ኢኮኖሚክስ ሲሆን፣ የተዘጋጀው ገንዘባቸውን የሚያስቀምጡ ባለሀብቶች እንዲጠቀሙበት ነው። በካተሪን ማኬና የተመራው የተባበሩት መንግሥታት የባለሙያዎች ቡድንም በኅዳር 2022 በግብፅ ሻርም ኤል ሼክ በተካሄደው የአየር ንብረት ጉባኤ ላይ አሥር ምክረ ሐሳቦች አቅርቧል። በአዲስ የነዳጅ ምርት ላይ ገንዘብ እያፈሰሱ «የተጣራ ዜሮ» ማለት እንደማይቻል በግልጽ አስቀምጧል።

ግብ መጽደቁና ልቀት መቀነሱ የተለያዩ መሆናቸውን የቴክኖሎጂ ኩባንያዎች የ2024 ሪፖርቶች አሳይተዋል። ጉግል ልቀቱ ከ2019 ወዲህ በ48 በመቶ፣ ማይክሮሶፍት ደግሞ ከ2020 ወዲህ በ29 በመቶ ገደማ እንደጨመረ ራሳቸው ጽፈዋል። ከምክንያቶቹ ዋነኛው የዳታ ማዕከላት መስፋፋት ነው።

ጉዳዩ ፍርድ ቤት ሲደርስ

በኔዘርላንድስ የሄግ ወረዳ ፍርድ ቤት ግንቦት 26 ቀን 2021 ሚሊዩዴፌንሲ የተባለው የአካባቢ ጥበቃ ድርጅት በሼል ላይ ባቀረበው ክስ ያልተጠበቀ ውሳኔ ሰጠ። ሼል እስከ 2030 መጨረሻ ድረስ ልቀቱን ከ2019 በ45 በመቶ እንዲቀንስ አዘዘ። ደንበኞች ነዳጁን ሲያቃጥሉ የሚወጣው ጭስም ተካቷል። የዓለም ቁጥር በቀጥታ ለአንድ ኩባንያ ትእዛዝ ሲሆን ያ የመጀመሪያው ነበር።

የይግባኝ ፍርድ ቤቱ ኅዳር 12 ቀን 2024 ትእዛዙን ሻረው። ሼልን ግን ነጻ ነህ ብሎ አላሰናበተውም። ከአደገኛ የአየር ንብረት ለውጥ መጠበቅ የሰብአዊ መብት መሆኑን፣ ኩባንያውም ልቀቱን የመቀነስ ግዴታ እንዳለበት አጽንቷል። የሻረው በመቶኛውን ነው። ዳኞቹ ለአንድ የነዳጅ ኩባንያ ወሰን 3 ይህን ያህል ይቀንስ የሚል ሳይንሳዊ ስምምነት አላገኘንም አሉ። ሚሊዩዴፌንሲ ጉዳዩን በ2025 ወደ ኔዘርላንድስ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ይዞ ሄዷል።