ድንበር ተሻጋሪ የምርምር ሽርክና እና የታዳጊ ገበያ ኩባንያዎች

ድንበር ተሻጋሪ የምርምር ሽርክና አንድ ኩባንያ ከውጭ አገር ዩኒቨርሲቲ፣ ከመንግሥት ቤተ ሙከራ ወይም ከሌላ ኩባንያ ጋር ገንዘብ፣ ባለሙያና መሣሪያ አዋጥቶ አዲስ ምርት ወይም አሠራር የሚፈልግበት መንገድ ነው። ታዳጊ ገበያ በሚባሉት እንደ ሕንድ፣ ብራዚልና ቻይና ባሉ አገሮች የተነሡ በርካታ ኩባንያዎች በዚህ መንገድ ሄደዋል። ፋብሪካም፣ ጎበዝ መሐንዲስም፣ ሰፊ ገበያም አላቸው፤ ብዙ ጊዜ የሚጎድላቸው አሥርተ ዓመታት የሚፈጀው መሠረታዊ ምርምር ነው። የሌላ ኩባንያን ምርት ለመሥራት ፈቃድ ገዝቶ ማምረት ጉድለቱን ለጊዜው ይሸፍናል። ይሁን እንጂ ፈቃድ የገዛ ኩባንያ ምርቱ እንዴት እንደሚሠራ ቢያውቅም ለምን እንደዚያ እንደተሠራ ሳይማር ሊቀር ይችላል።

ከሚታወቁት ምሳሌዎች ሁሉ ልብ የሚነካው የማጅራት ገትር ክትባት ታሪክ ነው። ከሴኔጋል እስከ ኢትዮጵያ በተዘረጋው የበሽታው ቀበቶ በ1996 እና በ1997 (ዓመታቱ ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የተነሣው ወረርሽኝ 250 ሺህ ያህል ሰዎችን ይዞ 25 ሺህ ገደማ ገድሏል። ዘላቂ መከላከያ የሚሰጥ ክትባት የመሥራት ዕውቀት በዓለም ላይ ነበር፤ ትልልቆቹ አምራቾች ግን ደሃ ገበያ አላጓጓቸውም። በ2001 ፓዝ የተባለው ድርጅትና የዓለም ጤና ድርጅት በጌትስ ፋውንዴሽን ገንዘብ ፕሮጀክት ሲጀምሩ የአፍሪካ ባለሥልጣናት አንድ ጥብቅ ጥያቄ አቀረቡ፦ ዋጋው ከ50 የአሜሪካ ሳንቲም እንዳይበልጥ።

ሥራውን የተቀበለው በ1966 በሕንድ ፑኔ ከተማ የተመሠረተው ሴረም ኢንስቲትዩት ነው። የባክቴሪያውን ስኳር ከፕሮቲን ጋር የማጣመሩ ዘዴ (መከላከያውን ዘላቂ የሚያደርገው ይህ ነው) የመጣው ከአሜሪካ የምግብና መድኃኒት አስተዳደር ተመራማሪዎች ሲሆን ስኳሩን የማዘጋጀቱ ዕውቀት ደግሞ ከኔዘርላንድስ ኩባንያ ተገኘ። ሴረም ባዶ እጁን አልመጣም፤ ለማጣመሩ የሚያስፈልገውን የቴታነስ ፕሮቲን ለዓመታት ሲያመርት ቆይቷል። ክትባቱ በታኅሣሥ 2010 በቡርኪና ፋሶ፣ በማሊና በኒጀር መሰጠት ጀመረ። ከ300 ሚሊዮን በላይ ሰዎች ተከተቡ፤ ከ2017 ወዲህም በቀበቶው ክትባቱ በሚከላከለው በኤ ዓይነቱ ባክቴሪያ መያዙ የተረጋገጠ ሰው አልተመዘገበም። ከዚህ ባልተናነሰ የሚያስደስተኝ ግን የማጣመር ጥበቡ ኩባንያው ውስጥ መቅረቱ ነው። ሴረም በኋላ የሳንባ ምች ክትባትና አምስት የማጅራት ገትር ዓይነቶችን የሚከላከል ሌላ ክትባት አውጥቷል። ከኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ጋር የሠራውንም የወባ ክትባት የዓለም ጤና ድርጅት በ2023 አጽድቆ መክሯል።

ዌስሊ ኮሄን እና ዳንኤል ሌቪንታል የተባሉ ምሁራን በ1990 እንዳስረዱት፣ ኩባንያ የውጭ ዕውቀትን የሚያዋሕደው አስቀድሞ በራሱ ምርምር ላይ በደከመው ልክ ነው። ሽርክናን የራስ ቤተ ሙከራ ምትክ አድርገው የሚያዩ ሥራ አስኪያጆች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ይመስለኛል።

የብራዚሉ አውሮፕላን አምራች ኤምብራየርም ይህንኑ ያሳያል። ኩባንያው በ1969 ተቋቁሞ፣ በ1980ዎቹ ከጣሊያን ኩባንያዎች ጋር ኤኤምኤክስ የተባለውን የጦር ጄት ሠራ፤ የብራዚል ድርሻ 30 በመቶ ያህል ነበር። ያ ልምድ በ1995 ለበረረው ኢአርጄ-145 የመንገደኞች ጄት ስንቅ ሆነ። በዚህኛው ፕሮጀክት ሽርክናው ተገለበጠ፦ የስፔን፣ የቤልጂግ፣ የቺሊና የአሜሪካ ኩባንያዎች ክንፉን፣ የአካሉን ክፍሎች፣ ጭራውንና የውስጥ ክፍሉን በራሳቸው ገንዘብ ሲያዘጋጁ፣ ንድፉን የመራው ኤምብራየር ነበር።

በቻይናው የቴሌኮም መሣሪያ አምራች ሁዋዌ መነሻው የአንድ ምሁር ሐሳብ ነው። በአንካራ የቢልከንት ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር ኤርዳል አሪካን ፖላር ኮድ የተሰኘውን የመረጃ ስሕተት ማረሚያ ስልት በ2009 አሳተሙ። ሁዋዌ ሐሳቡ ገና በወረቀት ላይ ሳለ ብዙ ተመራማሪ አሰማራበት፤ በ2016 ስልቱ በአምስተኛው ትውልድ የሞባይል መስፈርት ውስጥ ስልኩና ጣቢያው ትእዛዝ ለሚለዋወጡባቸው መቆጣጠሪያ መስመሮች ተመረጠ።

ያልተሳካም አለ። ዶክተር ሬዲስ የተባለው የሕንድ መድኃኒት አምራች ኩባንያ በ1990ዎቹ መጨረሻ ያገኛቸውን የስኳር በሽታ መድኃኒት ውህዶች ለዴንማርኩ መድኃኒት አምራች ኖቮ ኖርዲስክ አሳልፎ ሰጠ፤ በሰው ላይ የሚደረገውን ውድ ሙከራ ብቻውን መሸከም አይችልም ነበርና። በ2002 አንደኛው ውህድ በእንስሳት ላይ ዕጢ በማስከተሉ ሙከራው ቆመ። ምክንያቱ ሳይንሳዊ ነው፣ ወቀሳም አይገባም፤ ነገር ግን ሙከራውን የያዘው ወገን ሲያቆም ፈጣሪው የሚይዘውን ሊያጣ እንደሚችል አሳይቷል። ስለዚህ ውሉ ሲረቀቅ የፓተንት (የፈጠራ መብት) ባለቤትነት፣ የሙከራ መረጃው ለማን እንደሚቀርና አንዱ ወገን ሲወጣ ሌላው በምን እንደሚቀጥል በግልጽ መጻፍ ይኖርበታል።

ፖለቲካ ሲገባ ግን ውልም ላይበቃ ይችላል። በ2019 መጀመሪያ የኦክስፎርድ ዩኒቨርሲቲ ከሁዋዌ አዲስ የምርምር ገንዘብ መቀበል አቆመ፤ በዚያው ዓመት የማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋምም ግንኙነቱን አቋረጠ።