የአካል ብቃት እንቅስቃሴ በድሬዳዋ

ድሬዳዋ ውስጥ ስፖርት የሚሠራ ሰው ከሁሉ በፊት የሚያየው ሰዓቱን ነው። ከተማዋ ከደንገጎ ተራራ ግርጌ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 1,200 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፤ በግንቦትና በሰኔ የቀኑ ሙቀት 35 ዲግሪ ይደርሳል። ስለዚህ ሩጫውም ኳሱም ጎህ ሲቀድ 11 ሰዓት ተኩል ላይ ይጀመርና 2 ሰዓት ሳይሞላ ያልቃል። ቀትር ላይ ሱቅ ይዘጋል፣ ሰው ጥላ ይፈልጋል። ሁለተኛው ዙር ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ነው። ስሟን አንዳንዶች ከኦሮምኛ አምጥተው «የመድኃኒት ሜዳ» ብለው ይፈቱታል፤ በሶማሊኛ ደግሞ ድር የተባለው አባት ጦሩን የተከለበት ቦታ ነው ይባላል። ክርክሩን ለባለቤቶቹ ትተን፣ ለዚህ ጽሑፍ የሚስማማው የመጀመሪያው ነው።

ከባቡር እስከ ስታዲየም

የባቡሩ ሐሳብ ሐረር መግባት ነበር። ዳገቱ አስቸጋሪ ስለሆነ ሐዲዱ በ1895 ዓ.ም. ከተራራው ሥር ቀረና ድሬዳዋ ተቆረቆረች። ፈረንሳዮች የቀየሱት ከዚራ ሜዳማ፣ ቀጥ ያሉ መንገዶችና ጥላ ዛፎች ያሉት ሰፈር ነው፤ የማለዳ ሯጭ ዛሬም የሚመርጠው እሱን ነው። ከደቻቱ ወንዝ ማዶ ያለው መጋላ ደግሞ የገበያና የእግር ሰፈር ነው፤ እዚያ የሚውል ሰው ሳያስበው ብዙ እርምጃ ይራመዳል። በባቡሩ የመጀመሪያ ዘመን የጉልበት እንቅስቃሴ ማለት ሥራ ነበር።

እግር ኳስ ሲመጣ ታሪኩ ይደምቃል። የጥጥ ፋብሪካው ቡድን በ1950ዎቹ የኢትዮጵያን ሻምፒዮና ዋንጫ ተደጋግሞ ወደ ድሬ አምጥቷል፤ የአዲስ አበባ ቡድኖች ገናና በነበሩበት ዘመን ይህ ቀላል አልነበረም። ከሁሉ የሚበልጠው ግን 1968 ዓ.ም. ነው። ኢትዮጵያ ያስተናገደችው የአፍሪካ ዋንጫ ሁለተኛው ምድብ በድሬዳዋ ስታዲየም ተካሄደ። የካቲትና መጋቢት ላይ ሞሮኮ፣ ናይጄሪያ፣ ሱዳንና ዛየር (የዛሬዋ ዲሞክራቲክ ኮንጎ) እዚህ ተጫወቱ። ዛየር ከሁለት ዓመት በፊት ዋንጫውን የወሰደችና የዓለም ዋንጫንም የረገጠች ቡድን ነበረች፤ ድሬ ላይ ግን ናይጄሪያ 4 ለ 2 አሸነፈቻት። በመጨረሻ ዋንጫውን የወሰደችው ሞሮኮ ናት። የድሬ ልጅ ይህን ሲያወራ ሙቀቱን አሥራ ሁለተኛ ተጫዋች ያደርገዋል፤ እውነትም ከሞቃት አገር ያልመጣ ሰው እዚህ 90 ደቂቃ መሮጥ ይከብደዋል። ከዚያ ወዲህ ያለው ዘመን የቡድን ስፖርት፣ የማስ ስፖርትና የጂም ዘመን ነው።

ሚዛንና ሜትር

በከፊራ ገበያ አካባቢ መሬት ላይ የክብደት መለኪያ ዘርግቶ የሚቀመጥ ልጅ አይጠፋም። ደንበኛው ጫማውን ያወልቃል፣ ስልኩንና ቁልፉን ለጓደኛው ይሰጣል፣ ይወጣል። መርፌው 74 ላይ ይቆማል። «ጋሼ ጨምረሃል!» ይላል ልጁ፣ ሳይጠየቅ። ቁመቱ 1.70 ሜትር ከሆነ ክብደቱ ለቁመቱ ካሬ ሲካፈል 25.6 ይመጣል፤ በዓለም ጤና ድርጅት መለኪያ ከ18.5 እስከ 24.9 ያለው ጤናማ፣ ከ25 በላይ ያለው ከመጠን ያለፈ፣ ከ30 በላይ ደግሞ ውፍረት ይባላል። ሚዛኑ ግን ስብን ከጡንቻ አይለይም። ጆንያ ተሸካሚውም ቁጭ ብሎ የሚውለው ነጋዴም 74 ሊሆኑ ይችላሉ።

ልዩነቱን ቀድሞ የሚያውቀው ልብስ ሰፊው ነው። ሜትሩ በመጨረሻው ጎድንና በዳሌ አጥንት ጫፍ መካከል ይዞራል፤ ሰውየው ሆዱን ሳይስብ፣ ትንፋሹን አውጥቶ ይለካል። ለወንድ 94፣ ለሴት 80 ሴንቲሜትር ሲያልፍ የልብና የስኳር በሽታ ሥጋት ይጨምራል፤ 102 እና 88 ሲያልፍ ጉዳዩ ይከብዳል። ክብደቱ ሳይቀንስ ቀበቶው አንድ ቀዳዳ ወደ ውስጥ የገባለት ሰው ስብ ቀንሶ ጡንቻ ጨምሯል ማለት ሊሆን ይችላል፤ ደስ ሊለው ይገባል።

ሜታቦሊዝም

ሜታቦሊዝም ሰውነት ምግብን ወደ ጉልበት ለውጦ የሚጠቀምበት ሂደት ነው። ሰውነት ያለ ሥራ ተኝቶም ጉልበት ያቃጥላል፤ ልብ፣ አንጎል፣ ጉበትና ኩላሊት አያርፉም። በቀን ከምናወጣው ጉልበት ከ60 እስከ 70 በመቶው ለዚህ ይውላል። የከፊራው ደንበኛ 40 ዓመቱ ቢሆን ሳይነቃነቅ 1,600 ካሎሪ ገደማ ያወጣል። «ዕድሜዬ ሲገፋ ሜታቦሊዝሜ ዘገየ» የሚለው ወሬ በ2013 ዓ.ም. ታትሞ ከ6,400 በላይ ሰዎችን በለካ ጥናት ተፈትኗል፤ ከ20 እስከ 60 ዓመት ድረስ፣ የሰውነት መጠን ተስተካክሎ ሲሰላ፣ የጉልበት ወጪው ብዙም አይለወጥም። ቦርጩን ያመጣው የእንቅስቃሴ ማነስና ጠዋት በማር የምትበላው ፈጢራ ትሆናለች፤ ፈጢራን መክሰስ ለድሬ ሰው ቢከብድም።

ጂም ቤት ደግሞ ጡንቻን ምድጃ የሚያደርጉ አሉ። አንድ ኪሎ ጡንቻ በእረፍት በቀን 13 ካሎሪ ገደማ ያቃጥላል፤ ሦስት ኪሎ ጡንቻ ቢጨመር ትርፉ የአንድ ሳምቡሳ ግማሽም አይሆን። የጡንቻ ዋና ጥቅሙ ሌላ ነው፦ ከደም ውስጥ ስኳርን የሚቀበለው ትልቁ ዕቃ እሱ ነው። ከራት በኋላ በከዚራ መዞር የሚመከረውም ለዚህ ነው።

ጫት ስብ ያቀልጣል የሚሉ አሉ። ካቲኖን የተባለው ንጥረ ነገር የምግብ ፍላጎትን ስለሚዘጋ ቃሚው ሊከሳ ይችላል፤ ከሳ ማለት ግን በረታ ማለት አይደለም። ልብ ምትንና የደም ግፊትን ይጨምራል፣ እንቅልፍ ያሳጣል፤ ሰዓታት ቁጭ ተብሎ በስኳር ሻይና በለስላሳ ሲታጀብ ሒሳቡ ይገለበጣል። ከበርጫ ተነሥቶ ሜዳ የሚገባ ሰው በምርቃናው ድካሙን ስለማይሰማ በሙቀት ይበልጥ ይጎዳል።

ለመጀመር መዘጋጀት

ስፖርት ለመጀመር የሚያስብ ሰው ራሱን የሚጠይቅበት፣ ከካናዳ የመጣ የ7 ጥያቄ ቅጽ በብዙ አገር ይሠራበታል፦ የልብ ሕመም ወይም ግፊት አለብህ? ደረትህን ያምሃል? ያዞርሃል? መድኃኒት ትወስዳለህ? መገጣጠሚያህን ያምሃል? አንዱ እንኳ «አዎ» ከሆነ ቀድሞ ሐኪም ማማከር ነው። የአዋቂ ሳምንታዊ ልክ ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴና ሁለት ቀን ጡንቻ ማጠንከሪያ ነው። መካከለኛ ማለት እያወሩ መሄድ የሚቻልበት፣ ግን መዝፈን የማይቻልበት ፍጥነት ነው።

ድሬ ላይ አንድ ጥያቄ ይጨመራል፦ ከየት መጣህ? ከአዲስ አበባ የመጣ ሯጭ አየሩ ቢወፍርለትም ልቡ ደሙን ለጡንቻም ለቆዳም ማካፈል ስላለበት ቶሎ ይዝላል። ሰውነት ሙቀቱን የሚለምደው ከ7 እስከ 14 ቀን ነው፤ የደሙ ፈሳሽ ይጨምራል፣ ላብ ቀድሞ ይወጣል። እስከዚያ ድረስ ልምምዱን ማሳጠር፣ ውሃ ሳይጠሙ መጠጣት፣ ሽንት ሲጠቁር ዕለቱን መዝለል። በረመዳን ጾመኛው ከማፍጠሪያ በፊት ቀለል ያለውን፣ ጠንካራውን ከበላና ከጠጣ በኋላ ያደርጋል።

ደረቁ የደቻቱ አሸዋ የልጆች ኳስ ሜዳ ነው፤ አሸዋ ላይ መሮጥ ከአስፋልት ይበልጥ ጉልበት ስለሚበላ እዚያ ያደገ እግር ያስታውቃል። ሆኖም በ1998 ዓ.ም. ሐምሌ መጨረሻ በሌሊት የመጣው ጎርፍ ከ200 በላይ ሰው ወስዷል። ዝናቡ የሚጥለው ደጋው ላይ ነው፤ ወንዙ ድሬ ሰማይ ጥርት ብሎ ሳለ ሊሞላ ይችላል። አሸዋው ላይ ኳስ የሚያንከባልል ልጅ ያለው ወላጅ ክረምት ሲገባ ዓይኑ ከኳሱ ይልቅ ደንገጎ ላይ ነው።