ቤት ያለ ደላላ መሸጥ፦ ስለ ካርታ፣ ስለ ቀብድና ስለ ውክልና በስህተት የሚታመኑ ነገሮች

አዲስ አበባ ውስጥ ቤቱን ሊሸጥ ያሰበ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ሥራውን ከመጨረሻው ይጀምራል፤ መጀመሪያ ገዢ ይፈልጋል። ወረቀቱ ሳይሟላ ገዢ ሲመጣ መቸኮል ይመጣል፣ የቸኮለ ሻጭ ደግሞ ደላላው ያለውን ይሰማል። ከታች ያሉት በየሰፈሩ የሚነገሩ እምነቶች ናቸው፣ እውነታውም አብሯቸው አለ።

«ያለ ደላላ ቤት አይሸጥም»

የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1723 የሚጠይቀው የማይንቀሳቀስ ንብረት ውል በጽሑፍ እንዲሆንና በፍርድ ቤት ወይም ውል ለማዋዋል ሥልጣን ባለው አካል ዘንድ እንዲመዘገብ ነው። ያ አካል ሰው ዛሬም «ውልና ማስረጃ» የሚለው መሥሪያ ቤት ነው። እዚያ የሚቆሙት ሻጭና ገዢ (ወይም ወኪሎቻቸው) ናቸው፤ ለደላላ የተዘጋጀ ወንበር የለም።

ደላላው የሚያመጣው የገዢ ስልክ ነው። ይህም ዋጋ አለው፣ ግን ምን ያህል እንደሚያወጣ ይሰላ፦ በ8 ሚሊዮን ብር ቤት ላይ ሁለት በመቶ ማለት 160 ሺህ ብር ነው፣ ብዙ ጊዜም ከገዢው ወገን ሌላ ይጠየቃል። ደላላ መጠቀም ነውር የለውም። ነውሩ ክፍያው ስንት እንደሆነና መቼ እንደሚከፈል (ለምሳሌ «ውሉ ተፈርሞ ገንዘቡ ሒሳቤ ሲገባ») ሳይጻፍ መጀመር ነው።

«በእጄ ይህን ያህል ይግባልኝ ካልኩ አልጎዳም»

ይህች ዓረፍተ ነገር ለደላላ ባዶ ቼክ ናት። ሻጩ «በእጄ 7 ሚሊዮን» ሲል ደላላው ገዢውን 7 ሚሊዮን ተኩል ይለዋል፣ ልዩነቱን ለመደበቅም ሁለቱ እንዳይነጋገሩ ያደርጋል። ገዢና ሻጭ ፊት ለፊት ሲገናኙ ደላላው ከተቆጣ ምክንያቱ አብዛኛውን ጊዜ ይኸው ነው።

ዋጋ ለማውጣት ቴሌግራም ላይ የተለጠፈውን አይከተሉ፤ እሱ የተጠየቀ ዋጋ እንጂ የተሸጠበት አይደለም። በዚያው ሰፈር ወይም የኮንዶሚኒየም ሳይት በቅርብ የተሸጡ ሁለት ሦስት ቤቶችን ዋጋ ከነዋሪዎች ኮሚቴ ወይም ከጎረቤት ይጠይቁ። ሲያወዳድሩ ካሬውንና ፎቁን አይርሱ፦ አሳንሰር በሌላቸው የ20/80 ኮንዶሚኒየም ሕንፃዎች አራተኛ ፎቅና አንደኛ ፎቅ አንድ ዋጋ አያወጡም፣ ውሃ ላይኛው ፎቅ የማይደርስበት ብሎክ ደግሞ ይብሳል። ከሙሉ ቀለም ይልቅ የሚያፈስ ቧንቧ መጠገን የተሻለ ነው። ኮርኒስ ላይ የውሃ ምልክት ያየ ገዢ ከጥገናው ወጪ በላይ ይቀንሳል።

«ካርታው በእኔ ስም ስለሆነ ብቻዬን እፈርማለሁ»

ሽያጭ በአብዛኛው የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው። በ1992 የተሻሻለው የቤተሰብ ሕግ በጋብቻ ውስጥ የተገኘን ንብረት የጋራ ነው ብሎ ይገምታል፣ በካርታው ላይ የተጻፈው የአንዱ ስም ብቻ ቢሆንም። የጋራ የሆነ ቤት ለመሸጥ የሁለቱ ስምምነት ያስፈልጋል፤ ያልተስማማው ወገን ውሉ እንዲፈርስ ፍርድ ቤት መጠየቅ ይችላል። ስለዚህ የጋብቻ ወይም ያለማግባት ማስረጃ አስቀድሞ ይውጣ። ቤቱ የውርስ ከሆነ የፍርድ ቤት የወራሽነት ማስረጃ፣ ከዚያም የሁሉም ወራሾች ፊርማ ወይም ውክልና ያስፈልጋል። አንድ ወንድም ውክልናውን ከውጭ እስኪልክ ሁለት ወር ሊፈጅ ይችላል፤ ያንን ጊዜ የሚታገስ ገዢ ጥቂት ነው።

ሌሎቹ ወረቀቶች ቶሎ ያልቃሉ፦ ዋናው ካርታ፣ የቤቱና የቦታው ግብር ደረሰኝ (ቦታው የሊዝ ከሆነ የሊዝ ክፍያው)፣ ከዕዳና ከእግድ ነፃ መሆኑ፣ ጊዜው ያላለፈበት መታወቂያ። አጥሩ ካርታው ላይ ካለው ካሬ በላይ ከያዘ ገዢው ሜትር ይዞ ከመምጣቱ በፊት እርስዎ ይለኩት።

«ቀብድ መቀበል አያስርም፣ ብመልሰው ያበቃል»

አያበቃም። በፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 1885 መሠረት ውሉን የተወው ቀብድ ሰጪው ከሆነ ቀብዱ ይቀርበታል፤ ተቀባዩ ከሆነ እጥፉን ይመልሳል። 100 ሺህ የተቀበለ ሻጭ ሐሳቡን ከቀየረ 200 ሺህ ይከፍላል። ሌላም ወጥመድ አለ፦ ደላላ ራሱ ትንሽ ቀብድ አስይዞ ቤቱን ያግድና በዚያ ጊዜ ውስጥ ከፍ ባለ ዋጋ ገዢ ይፈልጋል። መከላከያው የቀብዱ ወረቀት ላይ ነው፤ የገዢው ሙሉ ስም፣ «ለሌላ ሰው አይተላለፍም» የሚል ቃል፣ ዋናው ውል የሚፈረምበት ቀን። ወር ሳይሆን ቀን።

«ውል ላይ ዋጋ ዝቅ ማድረግ ሁሉንም ይጠቅማል»

ግብርን መደበቁ ራሱ ወንጀል መሆኑ ሳይረሳ፣ ቀድሞ የሚጎዳው ሻጩ ነው። 9 ሚሊዮን ተስማምቶ 3 ሚሊዮን የጻፈ ሻጭ ቀሪው ቢከለከል በእጁ ያለው ማስረጃ 3 ሚሊዮን የሚል ነው። በጽሑፍ የሰፈረን ውል በምስክር ማስተባበል ሕጉ አይፈቅድም። ደላላው «እኔ እመሰክራለሁ» ቢልም አያዋጣም።

«ለሚያምኑት ሰው ውክልና መስጠት ከስም ማዛወር ይቀላል»

ኮንዶሚኒየም የ5 ዓመቱ ያለመሸጥ ገደብ ሳያልፍ በውክልና የሚሸጥበት ልማድ ያመጣው መዘዝ ብዙ ነው። ወካዩ ሲሞት ውክልናው በመርሕ ደረጃ ይቋረጣል፣ በሕይወት እያለም ሊሽረው ይችላል፤ ስለዚህ ገዢው አይተማመንም። ሻጩም ግብሩና ዕዳው በስሙ ይቀጥላል።

ውጭ ያሉ ባለቤቶች ግን ውክልና ግድ ይላቸዋል። በኤምባሲ ወይም በቆንስላ ይፈጸማል፣ አገር ቤት በውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር በኩል አልፎ ውልና ማስረጃ ይቀርባል። ቤት ለመሸጥ ጠቅላላ ውክልና አይበቃም፤ መሸጥ የሚለው በግልጽ መጻፍ አለበት። ከዚያ ሦስት ነገር ይጨመር፦ ዝቅተኛው ዋጋ፣ ክፍያው በባለቤቱ የባንክ ሒሳብ ብቻ እንዲገባ፣ ወኪሉ ሌላ ሰው መወከል እንደማይችል። ለደላላ ወይም ለደላላ ዘመድ አይሰጥም።

«ሲፒኦ ከመጣ ገንዘቡ ገባ ማለት ነው»

ሲፒኦ ባንክ ክፍያውን አረጋግጦ የሚሰጠው ወረቀት ነው፤ ወረቀቱ ግን ሐሰተኛ ሊሆን ይችላል። ከፊርማው በፊት ከገዢው ጋር ሲፒኦውን ወደ ሰጠው ቅርንጫፍ ሄደው ያረጋግጡ፤ የተሻለው በሻጩ ሒሳብ ገብቶ ማየት ነው። ቤቱ የባንክ ብድር ካለበት ዕዳው ከዋጋው ላይ ተነስቶ በቀጥታ ለባንኩ ይከፈላል፣ ባንኩም የመያዣ ስረዛ ደብዳቤ ይጽፋል። የካርታ ፎቶ በማስታወቂያ ላይ አይለጠፍ፣ ለአስመሳዮች ጥሬ ዕቃ ነው።

ቁልፍ የሚሰጠው ቀሪው ገንዘብ ሲጠናቀቅ ነው። በዚያው ዕለት የመብራትና የውሃ ቆጣሪ ንባብ በርክክብ ወረቀት ላይ ይጻፍና ሁለቱም ይፈርሙበት። ተከራይ ካለ የኪራይ ውሉ ቀድሞ ለገዢው ይታይ፤ የ2016ቱ የመኖሪያ ቤት ኪራይ አዋጅ የሚያውቀው ውል ቢያንስ የ2 ዓመት ነውና «በወሩ ይወጣል» ብሎ ቃል መግባት ለሻጩ ጣጣ ነው።