«ጡረታዬን ይዤ ድሬ ልግባ»፦ ስለ ሕክምና ወጪ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

የምሠራው ድሬዳዋ ውስጥ በአንድ መድኃኒት ቤት ነው። ከዋሽንግተን፣ ከቶሮንቶና ከለንደን ጡረታ ወጥተው ጠቅልለው የገቡ፣ ወይም ለመግባት ቤት የሚያፈላልጉ ሰዎች ባንኮኒው ላይ ተደግፈው የሚያወሩትን እሰማለሁ። የቤት ኪራዩን፣ አስቤዛውንና የሠራተኛ ደመወዙን አስልተው ጨርሰዋል። ሕክምና ላይ ሲደርሱ ግን ሒሳቡ ይቆምና ወሬው ይጀምራል። አዘውትሬ የምሰማቸውን አንድ በአንድ ላንሣ።

«ሜዲኬር ዕድሜ ልኬን የከፈልኩበት ነው፤ የትም ብሆን ይከፍልልኛል»

አይከፍልም። ሜዲኬር የሚባለው የአሜሪካ መንግሥት የአረጋውያን ጤና መድህን ከጥቂት ጠባብ ሁኔታዎች በስተቀር ከአገሩ ድንበር ውጭ ለተሰጠ ሕክምና ገንዘብ አያወጣም። ድል ጮራ ሪፈራል ሆስፒታል ቢተኙ፣ ሐረር ሕይወት ፋና ቢታከሙ፣ አዲስ አበባ የግል ሆስፒታል ቢገቡ ሒሳቡ የራስዎ ነው። ከእኛ ባንኮኒ ላይ የሚገዙት መድኃኒትም እንዲሁ።

ሰውን የሚያሳስተው ቀጥሎ የሚመጣው ጥያቄ ነው፦ «ካልከፈለልኝ እኔስ ለምን እከፍላለሁ?» ሜዲኬር ክፍሎች አሉት። የሆስፒታል አልጋን የሚሸፍነው ክፍል ኤ አሥር ዓመት ያህል ሠርቶ ግብር ለከፈለ ሰው ያለ ወርሃዊ ክፍያ ይሰጣል፤ እሱን ይዞ መቆየት አያስወጣም። የሐኪም አገልግሎትን የሚሸፍነው ክፍል ቢ ግን በየወሩ ይከፈልበታል። እ.ኤ.አ. በ2025 መደበኛው ክፍያ 185 ዶላር ነበር። በድሬው ከዚራ ሰፈር ጥላ ሥር ተቀምጦ ለማይጠቀሙበት ነገር በየወሩ ይህን ያህል መክፈል እንደሚያንገበግብ አላጣሁትም። ቢያቋርጡት ግን መመለሻው ቅጣት አለው፦ ያለ ሽፋን ለቆዩበት ለእያንዳንዱ ሙሉ ዓመት 10 በመቶ ይጨመራል፤ ጭማሪውም ክፍል ቢ እስካለዎት ድረስ ይዘልቃል። አምስት ዓመት ድሬ ኖሮ የተመለሰ ሰው በ2025 ዋጋ ቢሰላ በወር 277 ዶላር ከ50 ሳንቲም ይደርስበታል። ምዝገባውም በተፈለገው ቀን አይደለም፤ እንዲህ ያለው ተመላሽ ከጃንዋሪ እስከ ማርች ያለውን ጊዜ መጠበቅ አለበት። በግንቦት ካንሰር ተገኝቶበት የተሳፈረ ሰው እስከ ጃንዋሪ ምን እንደሚያደርግ አስቡት። «ጡረታዬን ውጭ አገር ሳሳልፍ ነበር» ማለቱም ከቅጣቱ አያድንም።

የእኔን አስተያየት ከጠየቃችሁኝ፣ ልጆቹ እዚያ ያሉና ከባድ በሽታ ቢመጣ ተመልሶ የሚታከም ሰው ክፍል ቢን ባይተው ይሻለዋል። የሚመጣው ይምጣ፣ እዚሁ ነኝ ብሎ የቆረጠ ሰው ደግሞ ይተወው፤ የተወውን ግን አውቆ ይተወው። ተጨማሪ የሆነው የሜዲጋፕ ኢንሹራንስ ድንገተኛ የውጭ ሕክምናን ይሸፍናል ሲባል ሰምተው የሚጽናኑም አሉ። አንዳንዶቹ ዓይነቶች በእርግጥ ይሸፍናሉ፤ ነገር ግን ጉዞው ከተጀመረ በ60 ቀን ውስጥ ለደረሰ አደጋ፣ መጀመሪያ 250 ዶላር ከኪስ ተከፍሎ፣ ከቀረው 80 በመቶውን፣ በዕድሜ ዘመን በጠቅላላው እስከ 50,000 ዶላር ብቻ ነው። ለጎብኚ እንጂ ለነዋሪ የተሠራ አይደለም።

«ከመንግሥት የማገኘው ገንዘብ ሁሉ ይከተለኛል»

ሠርተው ያገኙት የሶሻል ሴኩሪቲ ጡረታ የአሜሪካ ዜግነት ላለው ሰው ኢትዮጵያ ድረስ ይከተላል። ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው አረጋውያን የሚሰጠው ኤስ ኤስ አይ የሚባለው ድጎማ ግን 30 ተከታታይ ቀናት ከአሜሪካ ውጭ ከቆዩ ይቆማል። ሁለቱን የሚያምታቱ ብዙ ናቸው፤ ወሩ አልፎ ገንዘቡ ሲቀር ባንኩን ይወቅሳሉ። ግሪን ካርድ ብቻ ያላቸው ደግሞ ከመውጣታቸው በፊት የመመለሻ ፈቃድ ካላወጡ፣ ከአንድ ዓመት በላይ ከቆዩ በኋላ ካርዱ ለመግቢያ አያገለግላቸውም።

የእንግሊዝ ጡረታ እዚህ ይከፈላል፤ ሆኖም እዚያ ያሉት የሚያገኙት ዓመታዊ ጭማሪ ኢትዮጵያ ለሚኖር ጡረተኛ አይጨመርም። የብሪታንያ የነጻ ሕክምናም በነዋሪነት ላይ የቆመ ነው። የካናዳ የእርጅና ጡረታ ውጭ አገር ሳይቋረጥ እንዲከፈል ከ18 ዓመት ዕድሜ በኋላ 20 ዓመት ካናዳ መኖርን ይጠይቃል።

«እዚህ ሕክምና ርካሽ ነው»

የካርድ፣ የላቦራቶሪና የተለመደ ምርመራ ዋጋ በዶላር ሲታሰብ ትንሽ ነው፤ ይህ እውነት ነው። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ ዋጋ በገበያ እንዲወሰን ሲደረግ፣ 57 ብር አካባቢ የነበረው ዶላር ብዙም ሳይቆይ ከ100 ብር አለፈ። ጡረተኞቻችን ደስ አላቸው። ነገር ግን መደርደሪያዬ ላይ ካለው መድኃኒት አብዛኛው ከውጭ የሚገባ ነው፤ ዋጋውም ምንዛሪውን ተከትሎ ወጣ።

ገንዘብ የሚበላው የደም ግፊት ክኒን ሳይሆን አንድ ክፉ ሌሊት ነው። ልብ ሲይዝ ወይም ስትሮክ ሲመታ፣ እዚህ የሚደረገው የመጀመሪያ እርዳታ ከተደረገ በኋላ «አዲስ አበባ ውሰዱት» መባሉ የተለመደ ነው። በመኪና 500 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ነው። አውሮፕላኑ በአንድ ሰዓት ያህል ያደርሳል፤ ነገር ግን በጠና የታመመ ሰው እንደ ማንኛውም ተሳፋሪ ተነሥቶ አይገባም። የሐኪም ማረጋገጫ ያስፈልጋል፤ ተኝቶ የሚሄድ ከሆነ የበርካታ ወንበሮች ሒሳብ ይመጣል፤ አብሮት የሚበር የጤና ባለሙያም መፈለግ አለበት። ሐረር የሚኖር ሰው ደግሞ መንገደኛ የሚያመላልስ አውሮፕላን ማረፊያ ከተማው ስለሌለው መጀመሪያ በደንገጎ ጠመዝማዛ 50 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደ ድሬ ይወርዳል። ከዚያ አዲስ አበባ ያለው የግል ሆስፒታል ቅድሚያ ተቀማጭ ገንዘብ ሊጠይቅ ይችላል። ወደ ናይሮቢ ወይም ከዚያ ወዲያ በአምቡላንስ አውሮፕላን መሄድ ከተፈለገ ወጪው በአሥር ሺዎች ዶላር ይቆጠራል።

ስለዚህ ዓለም አቀፍ የጤና ኢንሹራንስ መግዛት የሚያስብ ሰው ከወርሃዊ ዋጋው በፊት ሦስት ነገር ይጠይቅ፦ በስንት ዓመት ዕድሜ አዲስ ደንበኛ መቀበል እንደሚያቆም፣ አስቀድሞ የነበረን በሽታ እንደሚሸፍን ወይም እንደማይሸፍን፣ በአየር የማጓጓዝ ወጪን እንደሚጨምር። አሜሪካን ከሽፋኑ ያወጣ ውል ዋጋው ጎላ ብሎ ይቀንሳል።

«ቢጫ ካርድ አለኝ፤ የጤና መድህን ደብተር አወጣለሁ»

የትውልደ ኢትዮጵያውያን መታወቂያ በ1994 ዓ.ም. በወጣው አዋጅ ቁጥር 270 መሠረት ያለ ቪዛ ለመግባት፣ ያለ ፈቃድ ለመኖርና ለመሥራት ያስችላል። በራሱ ግን የጤና መድህን አይደለም። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድህን የታሰበው ለአርሶ አደሩና መደበኛ ባልሆነ ሥራ ለሚተዳደረው ቤተሰብ ነው፤ የአባልነት ምዝገባ ጊዜ አለው፤ አገልግሎቱም ከጤና ጣቢያ ተነሥቶ በሪፈር ወረቀት ወደ ሆስፒታል ይወጣል። መመዝገብ የሚቻልና የማይቻል መሆኑን የሚመልሰው የወረዳው ጽሕፈት ቤት እንጂ ከአውሮፕላን ሲወርዱ የተቀበለ ዘመድ አይደለም።

«ዘመድ ሞልቶ አስታማሚ አይጠፋም»

ይህን ሲሉ ልቤ ይራራል፤ በከፊል እውነት ነውና። እዚህ ሆስፒታል የገባ ሰው ያለ አስታማሚ አይሆንለትም። ምግብ የሚያመላልስ፣ የታዘዘውን መድኃኒትና ጓንት ሳይቀር ውጭ ወጥቶ የሚገዛ፣ ደም ሲያስፈልግ ለጋሽ የሚያፈላልግ፣ ሌሊት ነርስ የሚጠራ ዘመድ ነው። ዘመዱ ግን አርባ ዓመት በፊት የተውት ዘመድ አይደለም። የወንድም ልጅ ሥራ አለው፤ የእህት ልጅ ሪያድ ነች። የመጀመሪያውን ሳምንት ሁሉም ይሯሯጣል። ወገባቸው ተሰብሮ ስድስት ወር የተኙ እናት ጋ ግን የሚቀረው አንድ ሰው ነው፤ ብዙ ጊዜም ያ ሰው ሴት ናት፤ ደመወዝም የላትም። ወጪ ሲሰላ ቤት ውስጥ ለሚንከባከብ ሰው የሚከፈል ገንዘብ በግልጽ ይያዝ፤ ዘመድም ቢሆን ይከፈለው። ያልተከፈለ ዘመድ ዝም ይላል እንጂ አይረሳም።

የድሬ እድርና የሐረሪዎች አፎቻ የተለየ ጉዳይ ነው። ሐዘን ላይ አይለዩም፤ ድንኳን ይተክላሉ፣ ይቀብራሉ፣ ያጽናናሉ። የቀዶ ሕክምና ሒሳብ ይከፍላሉ ብሎ መጠበቅ ግን ከእነሱ የማይገባቸውን መጠየቅ ነው።

«ሙቀቱ ለሽማግሌ መድኃኒት ነው»

የጉልበት ቁርጥማት ያለበት ሰው ድሬ ሲገባ ቀለል እንደሚለው ይናገራል፤ አልከራከረውም። ሆኖም ለደም ግፊት ውኃ የሚያስወጣ ክኒን የሚወስድ ሰው በሰኔ ሙቀት ላይ ያ ሲደመርበት ይደርቃል፤ ይዞረዋል፤ ይወድቃል። መጠኑን ከሐኪም ጋር ማስተካከል ያስፈልጋል። ኢንሱሊንም አለ። ያልተከፈተው ከ2 እስከ 8 ዲግሪ በማቀዝቀዣ ይቀመጣል፤ የተከፈተው አብዛኛውን ጊዜ ከ30 ዲግሪ በታች ሆኖ ለ28 ቀን ያህል ይሠራል። ድሬ ደግሞ በሞቃት ወራት ቴርሞሜትሩ ከ35 ዲግሪ በላይ ይወጣል፤ መብራትም ይጠፋል።

ቢንቢውን የሚያነሣ ግን የለም። እ.ኤ.አ. በ2013 ዴንጊ፣ በ2019 ቺኩንጉንያ ከተማውን አንገላተውታል። በ2022 ደግሞ ወባ በበጋ፣ ዝናብ በሌለበት ወቅት ተነሣ፤ ምክንያቱም አኖፊለስ ስቴፈንሲ የተባለችው የከተማ ወባ ትንኝ የምትራባው በየቤቱ በተጠራቀመ ውኃ ውስጥ ነው። የውኃ በርሜልና ታንከር ክዳን እዚህ ከሕክምና ወጪ ይቆጠራል።

ሐረር ከባሕር ጠለል በላይ ወደ 1,900 ሜትር ስለሆነች ነፋሻማ ናት። ሙቀት ለማይስማማው ሰው እሷን እመርጥለታለሁ። ጁገል ግንብ ውስጥ ቤት የሚያምረው ግን ጉልበቱን ያስብ፤ በእነዚያ ጠባብና ዳገታማ መተላለፊያዎች በሽተኛ የሚወጣው በሰው ሸክም ነው።

«የዓመት መድኃኒቴን በሻንጣ አመጣለሁ»

ሲያልቅስ? ሐኪምዎ የንግድ ስሙን ሳይሆን የመድኃኒቱን ስም ይጻፍልዎ። ሊፒተር ብለው ከሚጠይቁኝ አቶርቫስታቲን፣ ኤሊክዊስ ከሚሉኝ አፒክሳባን ቢሉኝ ፍለጋው ያጥራል። የደም ግፊቱ አምሎዲፒንና የስኳሩ ሜትፎርሚን የተለመዱ ናቸው። አዳዲሶቹንና ውዶቹን ግን ከመምጣትዎ በፊት በስልክ ያስጠይቁ፤ አንዳንዱ አዲስ አበባም ይቸግራል።

«ኑዛዜ ሟርት ነው»

በፍትሐ ብሔር ሕጉ በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜ አራት ምስክር ይፈልጋል፤ አንዱ ምስክር ሰነድ የሚያረጋግጥ ሹም ወይም ዳኛ ከሆነ ሁለት ይበቃሉ። ልጆች ሜሪላንድ፣ ቤት ድሬ ሳቢያን ሰፈር፣ የባንክ ሒሳብ በሁለት አገር ላለው ሰው ይህ የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ራስዎን ቢስቱ ገንዘብ ከባንክ የሚያወጣና ሆስፒታል የሚከፍል ሰው ውክልናም አብሮ ይሰጥ።

«ባለፈው ጥር መጥቼ አይቼዋለሁ፤ ተስማምቶኛል»

ጥር ላይ ድሬ የማይስማማው ማን አለ? ቤት ሳይሸጡ በግንቦትና በሰኔ መጥተው ተከራይተው ይቀመጡ። የስኳር ምርመራዎን እዚህ ያሠሩ፤ መድኃኒትዎን እዚህ ይሙሉ፤ ጥርስዎን ይታዩ። አንድ ቀን ደግሞ ከሌሊቱ ሰባት ሰዓት ላይ አምቡላንስ ወይም ታክሲ ከየት እንደሚገኝ፣ በዚያ ሰዓት የትኛው ሆስፒታል የልብ ምርመራ እንደሚያደርግ፣ ከሚኖሩበት ቤት እስከዚያ ስንት ደቂቃ እንደሚወስድ ጎረቤትዎን ይጠይቁ። መልሱን ጽፈው ስልኩ አጠገብ ይለጥፉት።