ሐናን ሰካራም ያላት ዓይን

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ ምእመናን፤ በሐምሌ 19 የቅዱስ ገብርኤል በዓል ሐዋሳ ከየአቅጣጫው በመጣ ሕዝብ ተሞልታ ሳለ፣ አንዲት እናት በአጥሩ ሥር ጮኻ ስታለቅስ አንዳንዶች «ለታይታ ነው» ሲባባሉ ሰምቼ እጅግ አዝኛለሁ።

ካህኑ ዔሊም በመቅደሱ መቃን አጠገብ ተቀምጦ ልጅ አጥታ በኀዘን የምትጸልየውን የሐናን አፍ ይመለከት ነበር (1ኛ ሳሙ. 1፥9-17)። ከንፈሯ እንደሚንቀሳቀስ፣ ድምፅዋም እንደማይሰማ በትክክል አይቷል፤ የሳተው ከዚያ ተነሥቶ ሰክራለች ብሎ ሲፈርድ ነው። ሐና በዝምታ ብትጸልይ ሰካራም ተባለች፤ ይህቺ እናት ጮኻ ብታለቅስ አስመሳይ ተባለች፤ ታዲያ የተጨነቀች ነፍስ እንዴት ትጸልይ?

ከሐና ማኅፀን የወጣው ነቢዩ ሳሙኤል እንኳ የዳዊትን ታላቅ ወንድም የኤልያብን ቁመት አይቶ ለንግሥና የተመረጠው እርሱ መስሎት ነበር፤ እግዚአብሔር ግን «ሰው ፊትን ያያል፥ እግዚአብሔር ግን ልብን ያያል» ብሎ መለሰው (1ኛ ሳሙ. 16፥7)። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ኤድዋርድ ቶርንዳይክ በ1920 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት፣ የጦር መኮንኖች የወታደሮቻቸውን ቁመና፣ ማስተዋል፣ የመሪነት ችሎታና ጠባይ ለየብቻ እንዲመዝኑ ቢጠየቁም በአንዱ ያመሰገኑትን በሌላውም ወደ ማመስገን ያዘነብሉ እንደነበር አሳይቷል። እኛስ ነጠላው የነጣውንና ዜማው ያማረውን ወዲያው ጻድቅ አላልንምን? ሌላው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ሰሎሞን አሽም በ1946 እ.ኤ.አ. እንዳሳየው፣ ስለ አንድ ሰው የተነገሩት ቃላት ሳይለወጡ ቅደም ተከተላቸው ብቻ ሲገለበጥ ሰሚው የሚይዘው ግምት ይለወጣል፤ ስለዚህ ስለ ወንድም አስቀድሞ የሚወራ ሐሜት በኋላ የሚሰማውን መልካም ነገር ሁሉ ያጠለሽበታል።

ለራሳችን ግን እንዴት ቸሮች ነን! ከቅዳሴ ስንዘገይ ታክሲ ጠፍቶ ነው እንላለን፤ ጎረቤታችን ሲዘገይ ግን ሃይማኖቱ ቀዝቅዞ ነው።

ዔሊን የምወደው ሐና ኀዘንዋን በነገረችው ጊዜ ክህነቱና ሽምግልናው ሳያስታብየው ፍርዱን ትቶ «በደኅና ሂጂ» ብሎ ስለ መረቃት ነው። ስለዚያች እናት ክፉ የተናገራችሁ ወንድሞችና እኅቶች፣ ወሬውን ለነገራችሁት ሰው ተመልሳችሁ «ልቧን ሳናውቅ ፈረድንባት» በሉት፤ ከዚያም ወደ ንስሐ አባታችሁ ሂዱ።