በነርሲንግ ሥራን በውክልና መስጠት ምንድን ነው?

ሥራን በውክልና መስጠት ማለት አንድ ነርስ በኃላፊነቱ ሥር ካለው እንክብካቤ ውስጥ አንድን የታወቀ ተግባር፣ ለታወቀ ሕመምተኛና ለታወቀ ጊዜ፣ ችሎታው ላለው ሌላ ሰው ሰጥቶ ማሠራት ነው። ተቀባዩ ሥራውን ለሠራበት መንገድ ይጠየቃል፤ ሕመምተኛው ላገኘው እንክብካቤ ግን የሚጠየቀው የሰጠው ነርስ ነው፤ «ለእርሷ ነግሬያት ነበር» ማለት ከተጠያቂነት አያድንም።

የተረጋጋ ሕመምተኛን ሙቀትና የልብ ምት መለካት፣ ገላ ማጠብ፣ መመገብ፣ ከአልጋ መነሣት የማይችለውን በየ2 ሰዓቱ ማገላበጥ ሊሰጡ የሚችሉ ተግባራት ናቸው። የሕመምተኛውን ሁኔታ መመዘን፣ የእንክብካቤ ዕቅድ ማውጣትና ውጤቱን መገምገም ግን አይሰጡም። ያው አንድ ተግባር እንኳ እንደ ጊዜው ይለያያል፤ ለምሳሌ ደም ለሚሰጠው ሰው ልኬት መውሰድ ቀላል ሥራ ቢመስልም፣ ሰውነት ለሚገባው ደም የሚያሳየው ከባድ ቁጣ ብዙውን ጊዜ ገና በጅምሩ ስለሚታይ የመጀመሪያዎቹን 15 ደቂቃዎች ነርሱ ራሱ ከአልጋው አጠገብ መሆን ይኖርበታል።

የአሜሪካ የነርሶች ማኅበርና የነርሲንግ ቦርዶች ብሔራዊ ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2019 በጋራ ያወጡት መመሪያ ተግባሩ፣ ሁኔታው፣ ሰውየው፣ ትእዛዙና ክትትሉ ትክክለኛ መሆናቸውን ከመስጠት በፊት ማረጋገጥ እንደሚገባ ያስቀምጣል። በእኔ ግምት ከእነዚህ ሁሉ ይበልጥ የሚጓደለው ትእዛዙ ነው። ለደብረ ብርሃን ዩኒቨርሲቲ አሥራት ወልደየስ ጤና ሳይንስ ካምፓስ የልምምድ ተማሪ «የ7 ቁጥሯን እናት ተከታተያቸው» ማለት ትእዛዝ አይባልም። «የደም ግፊታቸውን በየ30 ደቂቃው ለኪ፤ የላይኛው ከ90 ከወረደ ወይም ትንፋሻቸው ከፈጠነ ሌላ ሥራ ሳትጀምሪ ጥሪኝ» ከተባለች ግን ምን እንደምትሠራ፣ መቼና ለማን እንደምትናገር ታውቃለች።

እንክብካቤን ማስተባበርም በዚሁ ላይ የቆመ ነው። ከሸዋ ሮቢት ቆላ በከባድ ወባ የታመመ ሰው በጣርማበር በኩል ወደ ደብረ ብርሃን ሪፈር ሲጻፍለት፣ የአርቴሱኔት መርፌ ከመጀመሪያው በኋላ በ12ኛውና በ24ኛው ሰዓት ስለሚደገም፣ የተወጋበት ሰዓት በወረቀቱ ላይ መስፈር አለበት። ከምሽቱ 2 ሰዓት የተወጋው ሰው በማግሥቱ ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ተራው ይደርሳል፤ ሰዓቱ ካልተጻፈ ተቀባይዋ ነርስ ወይ ትደግምበታለች ወይ ታሳልፍበታለች። ስለዚህ ሸኚው ባለሙያ ሳይመለስ መጠየቅ የእርሷ ድርሻ ነው።

በአካባቢያችን ከሁሉ ይበልጥ ሥራ የሚሰጠው፣ በየትኛውም የሥራ ዝርዝር ውስጥ ስሙ የሌለ ሰው ነው፤ ይኸውም ከመንዝ ወይም ከመርሐቤቴ ጋቢውን ደርቦ የመጣው አስታማሚ ነው። ማብላቱንና ማገላበጡን፣ ተገቢው ምክር እስከተሰጠው ድረስ፣ ከማንም በላይ በፍቅር ይሠራዋል፤ ማንም ሊከለክለውም አይገባም። ችግሩ «ግሉኮሱ ሲያልቅ ጥራን» ከተባለ በኋላ ብቻውን መቅረቱ ነው። ፈሳሹ ቶሎ እንዲያልቅ መቆጣጠሪያውን የሚያላላ ዘመድ ብዙ ነው፤ ይህን የሚያደርገው ደግሞ ስለ አደጋው የነገረው ሰው ባለመኖሩ ነው። አስታማሚው የነርስ ሥልጠና ስለሌለው ልኬትን እንዲተረጉም ወይም መድኃኒት እንዲያዝ መጠበቅ ውክልና ሊባል አይችልም፤ ሥራውን ጥሎ መሄድ ነው። ሊጠየቅ የሚችለው ዐይቶ መጥራት ብቻ ነውና፣ «ወንድሜ፣ ይህን መቆጣጠሪያ እንዳትነካው፤ የአባትህ እጅ ካበጠ ወይም ካቃጠላቸው፣ ደም ወደ ቱቦው ከተመለሰ፣ ወይም ካንቀጠቀጣቸው ሳያልቅም ቢሆን ና» ተብሎ በግልጽ ይነገረው፤ የተነገረውንም መልሶ እንዲናገር ይደረግ። ነርሷም በስንት ሰዓት ተመልሳ እንደምታይ ቻርቱ ላይ ትጽፋለች፤ ተረኛ ከተለወጠም ይህ በርክክቡ ላይ ከመድኃኒቱ ጋር አብሮ ይነገራል።